የማኅበሩ ቬሎ

ደብረ ታቦር፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዲስዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱን ዓመት የጤናና የሰላም ያድርግልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከጉና ከሚወርደው ብርድ በቀር ደኅና ነኝ፤ ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጋቢያችንን ገና አልጣልንም።

ይህን ደብዳቤ የመምህር ይሻው ልጅ ብርሃኑ ይዞልሽ ይመጣል፤ ወደዚያው ወደ ቶሪኖ ለትምህርት መሄዱ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ሱቄ ውስጥ ሁልጊዜ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ኔትወርኩም አንድ ቀን ሰጥቶ ሦስት ቀን ይነሳል። ደግሞ እኔ ስልክ ላይ ስናገር እጮሃለሁ፤ የዛሬውን ነገር ገበያው ሁሉ እንዲሰማብኝ አልፈልግም።

ከደብዳቤው ጋር የሚመጡት አሻንጉሊቶች ናቸው። አትሳቂ። የልብስ ሰፊው የካሳሁን ልጅ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አሻንጉሊት ታለብሳለች ቢባል እዚህ ምን እንደሚወራ ታውቂያለሽ፤ ያላገባች፣ ያልወለደች ሴት ስትሆን ደግሞ ወሬው ይብሳል። ስለዚህ በር ዘግቼ ነው የምሠራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ልትጠይቂኝ ስትመጪ አንዷን ከመደርደሪያው አንስተሽ «እትዬ፣ እኔ ያለሁበት አገር እኮ ሰው ይሻማባታል» ብለሽኝ ነበር። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ዝምድናችን ሲቆጠር ሩቅ ነው፤ አባቴና አያትሽ የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩ። ቢሆንም ከቅርቦቼ ይልቅ አንቺን ያመንኩት ለዚያች ቃል ስል ነው።

ሦስት ናቸው። ቁመታቸው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው። ገላቸው አቡጀዲ፣ ውስጣቸው የጉና በግ ጠጉር፣ ፊታቸው በመርፌ የተጠለፈ ነው። የለበሱት አባቴ በስድሳዎቹ ዓመታት ለዚህ ከተማ ሴቶች ይሰፋው የነበረውን ነው፤ እሱ ያስቀመጣቸውን ፎቶዎች እያየሁ በልካቸው አሳንሼ ሰፋሁላቸው። አንደኛዋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሳ አፍሮዋን ያበጠረች ናት፤ የያኔዋን የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው ያሰብኩባት። ሁለተኛዋ ወገቡ የጠበቀ ክሎሽ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቁልፎቹን ከሕፃን ሸሚዝ ነቅዬ ነው የተከልኩላት። ሦስተኛዋ ሙሽራ ናት። ቬሎዋ ነጭ ሳቲን ነው፤ ጨርቁ የድሮ ነው፣ ከቤት የተገኘ። ሁለት አንድ ዓይነት አልሠራም፤ ብትጠይቂኝም አልችልበትም።

ተሸጡ አልተሸጡ ብዙም አይገደኝም። ሰው አይቷቸው የሚለውን ብቻ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

አክስትሽ እመቤት ካሳሁን

ቶሪኖ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ እመቤት፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊት ሲኞራም ደኅና ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ስሜን ይረሱታል እንጂ አይጨቀጭቁኝም።

ብርሃኑ ዕቃውን በደኅና አደረሰልኝ። የሲኞራ ልጅ ክላራ አሻንጉሊት ሰብሳቢ ናት፤ ቤቷ ውስጥ ከሰው ይልቅ አሻንጉሊት ይበዛል። የእርስዎን ሦስቱን ሳሳያት መነጽሯን አውጥታ ተቀመጠች፤ ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሳችም። በዚያው ሳምንት የአሻንጉሊት ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ባዛር ነበርና ይዣቸው እንድሄድ ከጠረጴዛዋ ከፍላ ሰጠችኝ።

ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ስላሉኝ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። አንድ ሽማግሌ የቤልቦተሟን ሱሪ ገለባብጠው ስፌቱን ካዩ በኋላ ሚስታቸውን ጠርተው አመጡ። የክሎሿን ቀሚስ አንዲት ሴት ከታች ገልጣ አይታ «ገበር አለው፣ እውነተኛ ገበር አለው» እያለች ለጎረቤት ጠረጴዛ ነገረች። ሙሽራዋ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሁሉም ጎንበስ ብለው ጨርቁን በጣት ጫፍ ይነኩ ነበር። ሳቲኑ እንዲህ ያለ ቀለም የሚይዘው ሃምሳ ዓመት ሲቆይ ነው አሉኝ፤ አዲስ ጨርቅ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሊያስመስሉት የሚሞክሩ ሞልተዋል አሉ። ሦስቱም ከምሳ በፊት ተወሰዱ።

ስለ ሠሪዋ ብዙ ጠየቁኝ፤ እኔም ብዙ ነገርኳቸው። አሁን አራት ሰዎች ሙሽራ እየጠበቁ ነው፤ ከዚያው ከነጩ ጨርቅ። ሁለት አንድ ዓይነት እንደማይሠሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዲያውም እሱን ነው የፈለጉት። ከተሸጡበት ለልደት በዓል ይሁንዎት ብዬ ትንሽ ነገር በባንክ ልኬያለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ አዲስዓለም

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዲስዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ሳልጽፍልሽ መቆየቴን አትቀየሚኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። የላክሽው ደርሶኛል፤ የጓዳውን ቆርቆሮ አስቀየርኩበት።

ደብዳቤሽን፣ በተለይ ገበሩን ገልጣ ያየችውን ሴት ያነሳሽበትን ቦታ፣ ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። እዚህ ሰው ልብሱን ሲረከብ «ጠበበኝ» ወይ «ዘገየሽ» ይላል፤ ደስ ሲለው ዝም ይላል። ገበሩን ገልጦ ያየልኝ የለም።

አራቱን ሙሽሮች በፖስታ ልኬያለሁ። አንደኛዋ ቬሎዋ መሬት ይጎትታል፤ ሁለተኛዋ እስከ ጉልበት ነው፣ በ1965 ገደማ እንዲህ የደፈረች አንዲት ነበረች። ሦስተኛዋ እጅጌው የተነፋ ነው። አራተኛዋ ላይ የአንገቱን ዳንቴል እኔው ሠራሁት፤ ዐይኔን አስለቅሶኛል። የራስ መሸፈኛቸው ሻሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ነጭ ጨርቅ የለም። ሌላ ልብስ ያሻሽን ጠይቂኝ፤ ነጩን ግን አታንሺብኝ።

እመቤት

ቶሪኖ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ እመቤት፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ፤ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎ። እዚህ ዘንድሮ በረዶው ቀሏል፤ ሲኞራዬም እያገገሙ ናቸው።

አራቱም ሙሽሮች ደርሰው ለጠበቋቸው ሰዎች ተሰጥተዋል። አጭር ቬሎ የለበሰችውን የወሰደችው ሴት የመስታወት ሳጥን አሠርታላታለች። ክላራ በሚያዝያ መጀመሪያ ትንሽ ዐውደ ርእይ ታዘጋጃለች፤ ገዥዎቹም ለጥቂት ቀን መልሰው ሊያውሷት ተስማምተዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛው፣ ፊታቸውን ሲጠልፉ ከየት ነው የሚጀምሩት? ከዐይን ነው ወይስ ከአፍ? መርፌውስ ስንት ቁጥር ነው? ደረጃ በደረጃ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ሁለተኛው፣ ነጩ ጨርቅ የማን ቬሎ ነበር? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ታሪኩ ቢጻፍ ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጅዎ አዲስዓለም

ደብረ ታቦር፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዲስዓለም፣

እንደምን አለሽ? ስለ ጤናዬ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ፊቱን ከዐይን ነው የምጀምረው፤ መርፌው ዘጠኝ ቁጥር ነው።

የማን ቬሎ ነበር ብለሽኛል። የእኔ አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. እናቴ ያለችበት የማርያም ማኅበር ሴቶች አዋጥተው ሳቲኑን ከአስመራ አስመጡ፤ አባቴ ሰፋው። ያን ጊዜ ለልጁ ቬሎ የሚገዛ በዚህ ከተማ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የማኅበርተኛ ልጅ ስታገባ ሁሉም ያንኑ ትለብሳለች፤ ወፍራሟም፣ ቀጭኗም። አባቴ ሙሽራዋን አቁሞ ይለካና ወገቡን ያጠባል ወይ ያሰፋል፤ ሰርጉ ሲያልፍ ስፌቱን ተርትሮ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ጨርቁን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም ነበር። አንዴ ከተቆረጠ ለምትቀጥለው ወፍራም ሙሽራ ከየት ይመጣል? አሥራ ዘጠኝ ሴት ለብሳው መቀስ አልነካውም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ስፒል የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እኔ ራሴ አንድ ቀንም አልለበስኩትም።

የሚጠበውም የሚሰፋውም እኛ ቤት ስለነበር ማኅበሩ ሳጥኑን እኛው ዘንድ አስቀመጠው። አባቴ ሲሞት ጥበቃው ለእኔ ቀረ። ልብሱ አልተሰጠኝም፤ ጠብቂ ነው የተባልኩት።

ባለፈው ዓመት ሳጥኑን ከፍቼ ቆረጥኩት። ቸግሮኝ ነው ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ አልቸገረኝም። የለበሱት ለብሰውታል፣ ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መጀመሪያ ከኋላ ጫፉ ጥቂት ብቻ ነበር የወሰድኩት። አንቺ አራት ጨምሪ ስትይኝ ግን የፊቱን ቀሚስ እንዳለ አነሳሁት። ለምን ብትይኝ፣ ሰው አመሰገነኝና ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምስጋና እንዲህ ያሰክራል ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን ደግሞ የማኅበሩ ትልቅ፣ እትዬ ብዙነሽ፣ ባለፈው ማክሰኞ መጡ። የልጅ ልጃቸው እናኑ ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ታገባለች። ቬሎውን ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰችው የእናኑ እናት አስናቀች ነበረች፣ በ1990። አስናቀች ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። ልጅቷ ከባሕር ዳር የኪራይ ቬሎ አልፈልግም፣ የእናቴን ነው የምለብሰው ብላለች። እትዬ ብዙነሽ «በይ ሳጥኑን ክፈቺና አንድ ቀን ፀሐይ ይንካው» አሉኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። አዲስዓለም፣ እሺ ነው ያልኩት።

አምስቱን ሙሽሮች መልሰሽ ላኪልኝ። ተርትሬ፣ ቁራጩን ከቁራጭ ገጥሜ፣ ቢያንስ የፊቱን እመልሰዋለሁ። ጊዜ አለ፤ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ገንዘባቸውንም እመልሳለሁ፣ ቆርቆሮውን ነቅዬም ቢሆን። ይህን ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

እመቤት

ቶሪኖ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ እመቤት፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ በጣም አዘንኩ።

አሻንጉሊቶቹን መመለስ የሚቻል አይመስለኝም። ገዥዎቹ በየከተማው ናቸው፤ ክላራም አድራሻቸውን አልያዘችም። ደግሞ የተሸጠ ዕቃ ይመለስ ማለት እዚህ ነውር ነው።

ከልቤ የምለው ግን ይህ ነው። ልብሱ ሃምሳ ስድስት ዓመት የቆየ ነው። ብል በላው ቢሏቸው ማን ይጠረጥራል? ራስዎን አያስጨንቁ። ለእናኑ ቬሎ የምትከራይበት ትንሽ ገንዘብ እልካለሁ።

አዲስዓለም

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዲስዓለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ መጋቢት 10 ደረሰኝ። በማግስቱ ያልሽኝን አልኩ። ብል በላው አልኩ።

ምን ሆነ መሰለሽ፤ ሊያጽናኑኝ መጡ። በጾም፣ በብርድ፣ ዳገቱን ወጥተው ሴቶቹ አንድ በአንድ ቤቴ ገቡ። አንዷ ሽሮ ይዛ መጣች። አንዷ ያልተለበሰ ነጠላዋን ሰጠችኝ፣ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሽ» ይሉኛል። እትዬ ብዙነሽ ጉንጬን ሳሙኝና «ካሳሁን ቢኖር እንደ አንቺ ነበር የሚያዝነው» አሉኝ። አለቀስኩ። እነሱ ለቬሎው ያለቀስኩ መሰላቸው።

ከሁሉ የከፋው እናኑ ናት። ትናንት ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ብል ቢበላውም ከእናቴ ልብስ የተረፈች ቁራጭ ካለች ስጡኝ፤ ከውስጥ አሰፋታለሁ» አለችኝ። የተረፈው ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ እሷ ከቆመችበት ሦስት እርምጃ። ደረቱም እጅጌውም አለ። ግን ብል የበላውና መቀስ የቆረጠው ጠርዝ አይመሳሰልም፤ ልጅም ቢሆን ይለየዋል። «አቃጠልኩት» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ገንዘቡን አትላኪ። አሻንጉሊቶቹንም አልጠይቅሽም፤ የተሸጠ ይመለስ ማለት ነውር ነው ብለሻል፣ የእኔ ነውር ከእሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገ ማርያም ናት። የማኅበሩ ተራ እኔ ቤት ነው። ሁሉም ይመጣሉ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ንፍሮውን ቀቅያለሁ፤ ዳቦውንም ጋግሬያለሁ።

እመቤት

ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እመቤት፣

ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ሳልጽፍ ብውል ጾሜ ጾም አይሆንም። ሰላምታዬን ከመቀበልዎ በፊት ይህን ይስሙኝ።

ዋሽቼዎታለሁ። የገዥዎቹ አድራሻ ሁሉ ክላራ ደብተር ውስጥ ነበር፤ ከምሠራበት ክፍል መሳቢያ ውስጥ፣ በየቀኑ አቧራውን የምወለውልበት። ያልጠየቅኳቸው ስላፈርኩ ነው። በመጀመሪያው ባዛር ጠረጴዛው ኋላ ስቆም ሰው ሁሉ የክላራ ተላላኪ አድርጎ ነበር የሚያየኝ፤ ካፖርታቸውን ያሲዙኝ ነበር። ገበሩን ገልጣ ያየችው ሴት ቀና ብላ «አንቺ ነሽ የሠራሻት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። በዚያች ቅጽበት ፊቷ ተለወጠ፤ ወንበር ሳበችልኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ከዚያ በኋላ መነሳት አቃተኝ። ነጩ ጨርቅ የእናቴ ቬሎ ነው አልኩ። ስለ ሠሪዋ ብዙ ነገርኳቸው ብዬ የጻፍኩልዎ ይህንን ነው። ፊቱን ከየት ይጀምራሉ ያልኩዎትም በዐውደ ርእዩ ላይ ሰው ፊት ተቀምጬ እንድጠልፍ ስለታሰበ ነው።

አሻንጉሊቶቹ ይመለሱ ብል፣ የእኔ እንዳልሆኑ መናገር ነበረብኝ። ስለዚህ ብል በላው ይበሉ አልኩዎት። የእኔን ውሸት ለማዳን እርስዎን አስዋሸሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ የደረሰኝ የዐውደ ርእዩ ዋዜማ ነው። ሌሊቱን በሙሉ ከዐይን ለመጀመር ሞከርኩ፤ የወጣልኝ ፊት የሚያሳዝን ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር ተዘጋጅቶ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀመጡ። ተነስቼ ሠሪዋ እኔ አይደለሁም አልኩ። ደብረ ታቦር ያለች ዘመዴ ናት፣ ስሟ እመቤት ካሳሁን ነው፣ ጨርቁም የእኔም የእሷም አይደለም፣ የብዙ ሴቶች ነው አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ሌላው ክፍል ሄዱ። ብትቆጡኝ ይሻል ነበር ማለት አማረኝ። ክላራ ከእኔ ጋር ሥራ ብቻ ነው የምታወራው፤ ግን በየአሻንጉሊቱ ሥር ያለውን ስሜን አንስታ የእርስዎን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ አምስቱንም ጠየቅኳቸው። ሁለቱ መለሱ፣ ሦስቱ እምቢ አሉ። ሁለቱን ትናንት በፖስታ ልኬያለሁ። ለሰርጉ እንደማይደርሱ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

አዲስዓለም

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዲስዓለም፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ተናደድኩብሽ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ ካፖርት ማስያዛቸው ትዝ አለኝና ተውኩት። ሁለቱ ሙሽሮች ገና አልደረሱም፤ ሲደርሱ ለእናኑ እሰጣታለሁ፣ ካልተቀበለችኝም መብቷ ነው።

የማኅበሩን ቀን ልንገርሽ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሄዱ፤ ንፍሮውና ዳቦው ቀረበ። ሳጥኑን ከጓዳ እየጎተትኩ መሐል አወጣሁትና የተረፈውን ጉልበታቸው ፊት ዘረጋሁ። «ብል አይደለም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ለአሻንጉሊት» አልኩ። አሻንጉሊት የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ፤ አልሰማንም ብለው ደግሜ አልኩት። አንዷ «ለምን?» አለችኝ። «ሥራዬን ስላመሰገኑልኝ» አልኩ። 

እትዬ ብዙነሽ ጽዋውን ሳይቀምሱ ተነስተው ወጡ። በእናቴ ዘመንም በእኔ ዘመንም እዚህ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሌሎቹ ወዲያው አልወጡም፤ ዕቃውን አጥበው፣ በየቦታው አስቀምጠው ሄዱ። ዳቦውን አራት ቀን ብቻዬን በላሁት። ነጠላ የሰጠችኝ ሴት ሰው ልካ ነጠላዋን አስወሰደች። ለእናኑ የተረፈውን ደረትና እጅጌ አጥፌ ይዤላት ሄድኩ፤ በሩን የከፈቱት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፣ ተቀብለውኝ ዘጉት። ሱቄ ሰው ይገባል፣ ልኩን ይሰጣል፣ ይወጣል፤ የሚቀመጥ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ እትዬ ብዙነሽ ፊት ለፊት ካለው ከነጂብ ሱቅ ነጭ ጨርቅ ገዝተው መጡ። እናኑንም ይዘዋታል። ልጅቷ አታየኝም። «ስፊ» አሉኝ። ለካኋት፤ ወገቧ የእናቷ ወገብ ነው፣ ይህን ግን አልነገርኳትም። ጨርቁን ዘርግቼ መቀሱን ሳነሳ እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን ዘረጉ። «እሱን እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። «አንቺ ሰፊ። የሚቆረጠውን እኔ እቆርጣለሁ።»

ሁለት ቀን እንዲህ ዋልን። እኔ በሳሙና አሰምራለሁ፣ እሳቸው ይቆርጣሉ። በሱቁ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አርባ ዓመት የሰፋች ሴት መቀስ ተነጥቃ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ። እትዬ ብዙነሽ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የግራውን ጎን ሲቆርጡ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወጡ። አየሁ። ማየቴንም አዩ። «ምነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ጨርቁ ትርፍ አልነበረውም፤ የቻልኩትን ያህል ደባብቄ ሰፋሁት፣ ግን የተቆረጠ ነገር ነውና ይታያል።

ለሰርጉ ማንም አልጠራኝም፤ አትምጪም አላለኝም። ሄጄ ዳሱ በር አጠገብ ቆምኩ። እናኑ ስትገባ አማረች። በግራ በኩል ግን ቬሎው ተንሻፍፏል፤ በሄደች ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ከይፋግ የመጡ የሙሽራው አክስት ሙሽራዋ አጠገባቸው ስታልፍ «ማነው የሰፋው? ጎኑ እኮ ጠመመ» አሉ፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ። እትዬ ብዙነሽ ፊታቸው ቀላ። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እጄ ደክሟል።»

ይህን ቃል በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም። ዳሱ ውስጥ ግማሹ ሰው ልብሱን ያሰፋው እኔ ጋ ነው። የይፋጓ ሴትዮ አዘኑልኝ፤ «አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ። ከኋላ የሆነ ሰው ሲስቅ ሰማሁ።  እትዬ ብዙነሽ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉና አጠገባቸው የተለቀቀውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰርጉ እስኪበተን ድረስ አጠገባቸው ነበርኩ።

ማርያም ትጠብቅሽ።

እመቤት